ማሳከኩ ሲቆም በሽታው አይቆምም

የእግር ፈንገስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትንሿ የእግር ጣትና ከጎኗ ባለችው መካከል ነው። ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው ስለሚውሉ ላቡ አይደርቅም። ቆዳው ነጣ ብሎ ይርሳል፤ ቀጥሎ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ማታ ጫማ ሲወልቅ ደግሞ ማሳከኩ አላስቀምጥ ይላል። አብዛኞቻችን ከፋርማሲ ቅባት ገዝተን ሦስት አራት ቀን እንቀባና ማሳከኩ ሲተወን እናቆማለን። ከወራት በኋላ ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም፤ ሕክምናው መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ፈንገሱ የት እንደሚኖር ማወቅ ይጠቅማል። በዓለም ላይ ለእግርና ለጥፍር ፈንገስ ዋነኛው መንስኤ ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ዝርያ ነው። ምግቡ ኬራቲን፣ ማለትም ቆዳ፣ ፀጉርና ጥፍር የተሠሩበት ጠንካራ ፕሮቲን ነው። የሚኖረው ሕይወት በሌለው የላይኛው የቆዳ ሽፋንና በጥፍር ውስጥ ስለሆነ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በቀላሉ አያገኙትም። የሚያሳክከን ሰውነታችን ለወራሪው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ቅባቱ ፈንገሱን ሲቀንሰው ምላሹ ይበርዳል፣ ማሳከኩም ይቆማል። የፈንገሱ ዘሮች ግን በቆዳ ፍርፋሪ፣ በካልሲና በጫማ ውስጥ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ።

ፈንገሱ ከጫማ ጋር ያለው ቁርኝት የቆየ ነው። ፈንገሱን በ1910 እ.ኤ.አ. ለይቶ የገለጸው ጣሊያናዊው ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ ነው፤ ይኸው ሰው ከ25 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን የወረረውን ጦር የሕክምና አገልግሎት መርቷል። የፈንገሱ መነሻ ደቡብ ምሥራቅ እስያና አካባቢው እንደሆነ ይታመናል። በዚያ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች ገላ ላይ እንደ ጭርት ይወጣ ነበር እንጂ እግርን ብዙም አያጠቃም ነበር። ቦት ጫማ ያደረጉ ወታደሮችን ሲይዝ ግን ሙቅና እርጥብ ማደሪያ አገኘ፤ በጦርነትና በጉዞም ዓለምን አዳረሰ። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ቦቲ የሚያደርጉ የግንባታ ሠራተኞች፣ ወታደሮችና ሯጮች በቀላሉ ይጠቃሉ።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በሽታው በእርግጥ ፈንገስ መሆኑ ይረጋገጥ። ከወፈሩ፣ ቢጫ ከሆኑና ከሚፈረፈሩ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው ፈንገስ ያለባቸው። ቀሪዎቹ በጠባብ ጫማ ተጎድተው ወይም በሶሪያሲስና በሌላ ሕመም የተለወጡ ናቸው። ምርመራው ርካሽና ፈጣን ነው። ባለሙያው ከጥፍሩ ሥር ወይም ከሚላላጠው ቆዳ ጠርዝ ጥቂት ይፍቅና በመስታወት ላይ አድርጎ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ያክልበታል። ኬራቲኑ ሲሟሟ፣ ፈንገስ ካለ ቅርንጫፍ ያበጁ ቀጫጭን ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

በጣቶች መካከል ላለው ፈንገስ ቅባት በአብዛኛው ይበቃል። ባለ 1 በመቶ ተርቢናፊን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት፣ ክሎትሪማዞል ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አራት ሳምንት ይቀባል። የተጎዳውን ቦታ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ የሚመስል ቆዳም መቀባት ያስፈልጋል። እንደ ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ብቻውን ከተቀባ ግን መቅላቱንና ማሳከኩን ያጠፋና ፈንገሱን በስውር ያስፋፋዋል። ሐኪም ሳያዝዝ አይነካ።

ጥፍር የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተራ ቅባት ጥፍርን ዘልቆ አይገባም። ቀላል ሲሆን እንደ አሞሮልፊን ያለ የጥፍር ቀለም መሰል መድኃኒት ለወራት ይቀባል። ጠንከር ሲል 250 ሚሊ ግራም ተርቢናፊን በየቀኑ ለ12 ሳምንት ይዋጣል፤ ከ10 ታካሚዎች በ7ቱ ገደማ ፈንገሱን ያጠፋል። ጉበትን ሊጎዳና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭ ስለሚችል አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ኪኒኑ ሲያልቅም ጥፍሩ ገና ቢጫ ነው፤ የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየገፋ መምጣቱ የመዳን ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ በጣቶቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ላያውቀው ይችላል፤ በዚያ የገባ ባክቴሪያ ወደማይድን ቁስል ሊያደርስ ይችላል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ ያለባቸው ወገኖቻችንም ይኸው ስንጥቅ በትኩሳትና በከባድ ሕመም አልጋ ላይ ይጥላቸዋል። ለዚህ ነው በእንክብካቤያቸው ውስጥ በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅና የፈንገስ ቅባት አብረው የሚታዘዙት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መከላከሉ ይቀድማል። እግርን ከታጠብን ወይም ውዱእ ካደረግን በኋላ፣ ካልሲ ከማጥለቃችን በፊት፣ በጣቶች መካከል እናድርቅ። ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፤ ከተቻለ 60 ዲግሪ በሚደርስ ውኃ ይታጠብ። ሁለት ጫማ ያለው ሰው እያፈራረቀ ያድርግ፤ የወለቀው ጫማ ቢያንስ አንድ ቀን ይናፈስ። በጋራ ሻወርና ስቲም ቤት በራሳችን ነጠላ ጫማ እንግባ፤ የጥፍር መቁረጫና ፎጣ አንዋዋስ። በቤት ውስጥ ሌላ የተያዘ ሰው ካለ አብሮ ይታከም፤ አለዚያ የዳነው እንደገና ይያዛል።

ስኳር ያለበት፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ እግሩ ያበጠና የቀላ፣ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ ወደ ጫፉ የሚሄድበት ሰው በራሱ ቅባት አይሞክር፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ለሌሎቻችን ያለው ትእዛዝ አጭር ነው፦ የጀመርነውን መድኃኒት እንጨርስ።