የዛፍ ጃርትና የእንሰት ጓሮ ጃርት

ጃርት ዛፍ ላይ ይወጣል ቢባል በወላይታ ከሶዶ እስከ ቢጠና የሚያምን ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። የኛው ጃርት የጉድጓድ አውሬ ነው፤ ቀን ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። ዛፍ ላይ የሚኖሩት ጃርቶች ያሉት በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ሲሆን፣ የደቡቦቹ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ጅራት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለሳይንስ የተዋወቀው አንዱ ዝርያ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በፐርናምቡኮ ይኖራል። የአካባቢውን ደን ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ስለበላው፣ የቀረለት የተበጣጠሰ ጫካ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ መሄጃ የለውም።

የኛው ጃርት ግን መሬት ላይ ስለሚኖር ደኑ ቢሳሳም ይተርፋል፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብም የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ተርታ አልገባም። ችግሩ የሚተርፈው እንሰት ጓሮ ገብቶ መሆኑ ነው። እንሰቱን የሚጀምረው ከሥሩ ነው፤ አሚቾውን በፊት ጥርሱ ቦርቡሮ ይበላና ቅጠሉ ገና እንደለመለመ ተክሉ ይወድቃል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ የአንድ ሌሊት ጥፋት የዓመታት ድካም ይወስዳል። ስኳር ድንችና ጎደሬም አይቀሩለትም። የገበሬው ምሬት እውነተኛ ነው።

ጃርት እሾኹን እንደ ጦር ይወረውራል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ሲቆጣ እሾኹን አቁሞ የጅራቱን ክፍት እሾኾች ያንኳኳል፤ ካልሸሹለት የኋሊት ይገፋል፣ ያኔ የላላው እሾኽ አጥቂው ሥጋ ላይ ይቀራል። ጥንዶቹ አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ ወሊድ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ነው። እንዲህ አዝግሞ የሚራባ እንስሳ ያለ ልክ ከተገደለ ከአንድ ቀበሌ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

የብራዚሉ ደን ቢበጣጠስም፣ ወላይታ ግን ጫካ መመለስን ታውቅበታለች። በሁምቦ ወረዳ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ በዋናነት ከመሬት በታች በሕይወት የቆየውን ጉቶና ሥር እየገረዙ አሳድገዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ተመዝግቦ ለገበሬዎቹ ገቢ አስገኝቷል። የተመለሰ ጫካ ለዱር እንስሳትም መጠለያ ነው።

በእኔ እምነት ጃርትን ከእንሰት ለመከላከል መርዝ መፍትሔ አይደለም፤ ውሻውንም አሞራውንም አብሮ ይገድላል። ጓሮውን በጠንካራ አጥር መከለልና ከማሳው ራቅ ያለውን ቁጥቋጦ ሳይነኩ መተው ይሻላል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ጃርት የሚያደርሰውን ጉዳት ቀበሌ በቀበሌ ይመዝግቡ፤ ለአጥር የሚሆን ድጋፍም በቅድሚያ ብዙ እንሰት ለወደቀበት ቤተሰብ ይድረስ።