ጢም መላጫዎን በየትኛው ድንጋይ ይስላሉ?

ጠዋት ተላጭቶ ከቤት የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ አገጩ ሥር ሲያቃጥለውና ሲያሳክከው፣ በማግስቱም ትናንሽ እባጮች ሲወጡበት ሳሙናውን ወይም ሎሽኑን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ምላጩ ስለት ላይ ነው።

ተጠቅመው የሚጥሉትን ምላጭ የሚጠቀም ሰው ሲደንዝበት በአዲስ ይተካዋል። እጀታው ውስጥ በሚታጠፈው ረጅም የብረት ምላጭ የሚላጭ ግን ስለቱን ራሱ መጠበቅ ይኖርበታል። ምላጩ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ የመሳያ ድንጋይ መምረጥ የቆዳ ጤና ጉዳይም ነው።

የደነዘ ምላጭ ምን ያስከትላል?

ስል ምላጭ ጸጉሩን በቀላሉ ቆርጦ ያልፋል። የደነዘው ግን ጸጉሩን ይጎትታል፤ ተላጪውም ሳይታወቀው ይጫነዋል፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይልጨዋል። በዚህ ጊዜ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ይፋቃል። ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም በዓይን በማይታዩት ጭረቶች ገብተው የጸጉሩን ሥር ሊያመረቅዙ ይችላሉ።

የትኛው ድንጋይ ይሻላል?

የወጥ ቤት ቢላ የሚሳልበት ሻካራ ድንጋይ ወይም ሞረድ ለፊት ምላጭ አይሆንም። ስለቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያሉ ጥቃቅን ሸካራዎችን ይተዋል። ይህ ሽንኩርት ለመክተፍ ባያስቸግርም ቆዳን ይቧጭራል።

ፋብሪካ ሠራሽ ድንጋዮች ላይ ቁጥር ይጻፋል። በጃፓን ልኬት ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ እየለሰለሰ ይሄዳል።

• 1000፦ ስለቱ የተሸረፈ ወይም ፈጽሞ የጠፋ ምላጭን እንደገና ለመሳል፤

• ከ3000 እስከ 5000፦ የመጀመሪያው ድንጋይ የተወውን ጭረት ለማለስለስ፤

• 8000፦ ስለቱን ለፊት ለማብቃት፤

• 12000፦ ለመጨረሻ ማለስለሻ።

ምላጩ ካልተሸረፈና መጎተት ብቻ ከጀመረ 8000 ወይም 12000 ቁጥር ያለው አንድ ድንጋይ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ምላጭ በ1000 መሳል ብረቱን ያለ አግባብ መጨረስ ነው።

ከተፈጥሮ ድንጋዮች መካከል በቤልጂየም፣ አርደን በተባለው አካባቢ የሚወጣው ኮቲኩል የተሰኘ ቢጫማ ድንጋይ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ድንጋይ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ለጀማሪ ቁጥር ያለው ይመረጣል።

ሲገዙ ድንጋዩ ፍጹም ዝርግ መሆኑን ያረጋግጡ። ማስመሪያ በጠርዙ አቁመውበት ከሥር ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ጎድጉዷል ማለት ነው። የተጎዳጎደ ድንጋይ ስለቱን እኩል አይስለውም። ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ስለቱን በሙሉ ይይዛል።

እንዴት ይሳላል?

ድንጋዩን በንጹህ ውኃ ያርጥቡ። የምላጩ ጀርባና ስለት ሁለቱም ድንጋዩን እንደነኩ፣ ሳይጫኑ፣ ስለቱን ወደፊት አድርገው ይግፉ፤ ሲመልሱ በጀርባው በኩል ይገልብጡት። በቆዳ ጠፍር ላይ ግን አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ጠፍሩ ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ግን ምላጩ መጎተት ሲጀምር ብቻ ነው። ስለቱን በጣትዎ አይፈትኑ። የክንድ ጸጉርን ያለ ጉተታ ከቆረጠ በቂ ነው።

ምላጩም ድንጋዩም የግል ይሁኑ

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት መቆየት ይችላል። በዓይን የማይታይ ጥቂት ደምም ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ ምላጭ ለወንድምም ለጓደኛም አይዋስም። የሌላ ሰው ምላጭ የተሳለበት ድንጋይ ወይም ጠፍርም እንደዚያው ነው፤ ጠፍር ደግሞ እንደ ብረት ታጥቦ አይጸዳም። ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ሲሄዱ አዲስ ምላጭ ፊትዎ ሲፈታ ማየት መብትዎ ነው።

ከተላጩ በኋላ ምላጩን በሳሙናና በውኃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ያስቀምጡ። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይዝጋል።

ከልክ በላይ አይጠጉ

ጥቅልል ጢም ያለው ሰው በስል ምላጭም ቢሆን ጸጉሩን እስከ ሥሩ ከተላጨ፣ የተቆረጠው ጫፍ ተጠምዞ ቆዳው ውስጥ ይገባና እባጭ ይፈጥራል። ስለዚህ ጢሙን አስቀድመው በሞቀ ውኃ ያለስልሱ፣ ቆዳዎን አይወጥሩ፣ ጸጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይላጩ። እባጩ ከበዛ ለጥቂት ሳምንታት መላጨት ማቆም ወይም በማሽን ማሳጠር ይበጃል።

እባጩ መግል ከያዘ፣ ጠባሳው እያበጠ ከሄደ ወይም ቁስሉ አልድን ካለ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ለእነርሱ የኤሌክትሪክ መላጫ የተሻለ ነው።

በጥቅሉ ለስላሳና ዝርግ የሆነ፣ የእርስዎ ብቻ የሆነ ድንጋይ ይምረጡ። ምላጩን ከድንጋዩም ሆነ ከፊትዎ ጋር ሲያገናኙ እጅዎን ያቅልሉ።