ለአጭር ሥልጠና ሕንድ ለምትሄዱ የይፋት ባለሙያዎች

ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ለሥልጠና የሚሄድ የግብርና ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለእንግሊዝኛው ነው። እኔ ከክፍል ውጭ ያለው ሰዓት ይበልጣል ባይ ነኝ። ሕንድ በ1964 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አይቴክ የተባለው ፕሮግራም ቲኬቱን፣ ማደሪያውንና የኪስ ገንዘቡን ይችላል፤ ወዳጅ ማፍራቱ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ብቻ አይቀመጥ። እራት ላይ ከኡዝቤኩ ወይም ከኬንያዊቷ ሠልጣኝ አጠገብ ተቀመጡ፤ ፖለቲካውን ትታችሁ ስለ ማሾ ጠይቁ። ሕንዶች ክክ አድርገው ወጥ ይሠሩታል፤ ኡዝቤኮች ከሩዝ ጋር ይቀቅሉታል፤ ኬንያውያን በቻፓቲ ይበሉታል። እኛ የይፋት ሰዎች ግን አምርተን ለነጋዴ አስረክበን እንገላገላለን! ከዚያ ወሬው ራሱ ወደ ዘር፣ ወደ ተባይ፣ ወደ ዋጋ ይሄዳል። ከአሠልጣኙ ያልሰማችሁትን እዚያ ትሰማላችሁ።

ጥሬ ዘር ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፤ የዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ አለ። የማሳችሁን ፎቶ በስልካችሁ ያዙ። ተቆልቶ የተፈጨ ቡናም አይቅር።

ለጿሚዎች፦ «ቬጅ» የተባለ ምግብ ሥጋ የለውም እንጂ የጾም አይደለም፤ ቅቤና አይብ ይገባበታል፤ ወጥ ቤቱን ጠይቁ። ጓደኛ ሲጋብዛችሁም «አልበላም» ብቻ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ምክንያቱን ንገሩት፤ ረመዳንን የሚጾም ሠልጣኝ ወዲያው ይገባዋል።

ሁሉንም ለመወዳጀት አትድከሙ። ከተመለሳችሁ በኋላ የታመመ ቅጠል ፎቶ በዋትስአፕ የምትልኩለት አንድ ሰው ይበቃል።