ካሊፎርኒያ ከለከለችው የተባለው ኮምፒውተር፤ ተረትና እውነታ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ዴል የተባለው ኩባንያ ኤልየንዌር ኦሮራ ከሚላቸው የጨዋታ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹን ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌሎች አምስት የአሜሪካ ግዛቶች መላክ ማቆሙ በተሰማ ጊዜ፣ መንግሥት በሰው ጓዳ ገብቶ ኃይለኛ ኮምፒውተርን ከለከለ የሚል ወሬ ተነሥቶ በየአገሩ ተሰራጨ። ይህ ወሬ መላኩን ካስቆመው የኃይል ፍጆታ ድንጋጌ ቃል ጋር ሲመሳከር ግን ከሥሩ የተሳሳተ ሆኖ ይገኛል።

የካሊፎርኒያ የኃይል ኮሚሽን በታኅሣሥ 2016 ያጸደቀው፣ መጀመሪያ በጥር 2019፣ ኋላም ጠበቅ ብሎ በሐምሌ 2021 በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት የሚመዝነው፣ ኮምፒውተሩ በጨዋታ ላይ ሳለ የሚስበውን ኃይል ሳይሆን ሥራ ፈትቶ የሚያባክነውን ነው። ይኸውም ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲሄድ ስክሪኑ እንደ በራ፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ጨልሞ ውስጡ ግን ነቅቶ፣ ከዚያም በእንቅልፍ፣ በመጨረሻም ጠፍቶ ሳለ የሚፈጀው ተደምሮ በዓመት ይሰላል ማለት ነው። የሚፈቀደውም መነሻ ልክ፣ እንደ ኮምፒውተሩ የማስፋፊያ አቅም፣ በዓመት 50፣ 60 ወይም 75 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ግራፊክስ ካርድና ብዙ ሜሞሪ ላለው በዚያ ላይ ይጨመርለታል። የራሱን ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ገዝቶ በቤቱ የሚገጣጥመውን ሰው ደግሞ ሕጉ አይነካውም።

«ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ምን ያህል ሊበላ?» የሚሉ አሉ። ሥራ ሳይሠራ 80 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር ዓመቱን ሙሉ ሌትና ቀን በርቶ ቢቆይ፣ 80ን በ8,760 ሰዓት ስናባዛው 700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ያው ኮምፒውተር ተኝቶ 3 ዋት ብቻ ቢስብ ግን የዓመቱ ፍጆታ ከ26 ብዙ አይበልጥም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለማንም ደስታ ያልሰጠ፣ ለማንም ሥራ ያልፈጸመ፣ ሙቀት ሆኖ የጠፋ ኃይል ነው። ባለ 1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ዘወትር 1,000 ዋት ይበላል የሚለውም ስሕተት ነው፤ ቁጥሩ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን እንጂ ዘወትር የሚስበውን አያመለክትም።

ስለ ዋጋው የሚነሣውን ስጋት በተመለከተ፣ ኮሚሽኑ ራሱ ሕጉን ሲያወጣ የገመተው፣ በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ 14 ዶላር ያህል ቢጨመር በአምስት ዓመት ከ40 ዶላር በላይ ከመብራት ሒሳብ እንደሚተርፍ ነው። በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ይኸው ኮሚሽን ለማቀዝቀዣ ልክ ባወጣበት ዘመን፣ በአሜሪካ አንድ የቤት ማቀዝቀዣ በዓመት 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቶ ሳለ የሚፈጀው የዚያን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ልክ መውጣቱ ብልኃትን አነሣሣ እንጂ ማቀዝቀዣን ከቤት አላጠፋም።

ሆኖም ሕጉን የምደግፈው ጉድለቱን ሳላይ አይደለም። የማስፋፊያ አቅማቸው ከተወሰነው መጠን ያለፈ፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ ግዙፍ የሆኑት ኮምፒውተሮች፣ ከዓመታዊው ልክ ነጻ ወጥተው ብቁ ፓወር ሰፕላይ እንዲኖራቸውና ይህን የመሰለ ቀለል ያለ ግዴታ እንዲፈጽሙ ብቻ ይጠየቃሉ። በ2015 ናትናኤልና ኢቫን ሚልስ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የተለመደ የጨዋታ ኮምፒውተር በዓመት 1,400 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ፣ ዕቃዎቹን በመምረጥና አሠራሩን በማስተካከል ግን ከዚህ 75 በመቶ በላይ ሊቀነስ እንደሚችል አመልክተዋል። ክርክሩ መነሣት የነበረበት በዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጩኸት ያስነሣው የ2021 ድንጋጌ በጨዋታ ሰዓት የሚፈጀውን ኃይል ከቶ አልነካውምና።