ወለል የሌለው ደመወዝ

ካዛንቺስ ውስጥ የአስተናጋጅ ወይም የካሸር ሥራ ፍለጋ የሆቴል በር ያንኳኳች ልጅ በቅድሚያ የምትጠየቀው ምን መሥራት እንደምትችል አይደለም። «ዋስ አለሽ?» ነው። ዋስ ማለት ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ የሚችልና ነገ ከሣጥን ለሚጎድል ብር ዛሬ የሚፈርም ሰው ነው። ከክፍለ ሀገር ለመጣች ልጅ እንዲህ ያለ ዘመድ ማግኘት ከሥራው ይልቅ ይከብዳል። ደመወዙ የሚነገራት በመጨረሻ ነው፤ እሱም «እንደ ቤቱ ደንብ» ተብሎ።

የቤቱ ደንብ ከቤት ቤት ይለያያል። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ምግብ ቤቶች ለአንድ ዓይነት ሥራ የተለያየ ደመወዝ ቢከፍሉ፣ የሁለቱም ለወር አስቤዛ የማይበቃ ቢሆን፣ ሕግ የጣሰ የለም። ኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚል የደመወዝ ወለል የላትም።

ጥያቄው ግን የትናንት አይደለም። የሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተው በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሥር የተሰባሰቡት በ1955 ዓ.ም. ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ይኸው ኮንፌዴሬሽን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆየ፤ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱም ዝቅተኛው ደመወዝ በሕግ ይወሰን የሚል ነበር። ከመንፈቅ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ደርግም ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ እንደሚመቸው አድርጎ ሌላ አቆመ። አሠሪውም መንግሥቱም ተለዋወጡ፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ።

በወረቀት ላይ ለመልስ የተቀረበው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቦርዱ መንግሥት፣ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት ሆኖ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ያሻሽላል። ሥልጣኑንና ኃላፊነቱን የሚዘረዝረው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው ተባለ። ነገሩ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ዓመትም የተቆረጠ ወለል አልነበረም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ብዙዎች ኢሠማኮ የሚሉት፣ በየዓመቱ የሜይ ዴይ በዓል ሲመጣ ይህንኑ ያነሳል። በ2015 ዓ.ም. ጥያቄውን በሰልፍ ለማሰማት አስቦ ነበር፤ ሰልፉ ግን አልተፈቀደም።

ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ወለል አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻው ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ኑሮው ለሄደበት ፍጥነት ይህም ይበዛል የሚል አላጋጠመኝም። ነገር ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ ሊጠቅሱትና ሊከራከሩበት ይቻላል። የካዛንቺስ ስም ራሱ የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር ትሪ ተሸክማ የምትመላለሰው ልጅ በስሟ የተሠራ ቤትም የተቆረጠ ደመወዝም የላትም።

ወለሉ ለምን ዘገየ? ዋናው ምክንያት ርካሽ ጉልበት የአገሪቱ መሸጫ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ባለሀብት የተጋበዘው በዚሁ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጠቅሰው፣ በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው ነው አሉ። ይኸው ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ሠራተኞቹ በገቡበት ፍጥነት ይለቁ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ በየሥራ ዘርፉ ይቆርጣል፤ ጭማሪውም ብዙ ጊዜ የሚታወጀው በሠራተኞች ቀን ነው። ባለሀብት ግን ናይሮቢን ጥሎ አልጠፋም። «ወለል ከተቆረጠ ፋብሪካው ይሄዳል» የሚለውን ስጋት ከንቱ ነው ባልልም፣ የካዛንቺስ ክትፎ ቤት ግን ወደ ባንግላዴሽ አይሄድም።

ወለል በሌለበት የአስተናጋጅ ገቢ የሚሰላው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከጉርሻና ከሰርቪስ ቻርጅ። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ «ቲፑ አለልሽ» ብሎ መነሻውን ዝቅ ያደርጋል። ወጥመዱ የሚታየው ቆይቶ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ቦነስን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ጭምር ከደመወዝ አይቆጥርም። ስለዚህ ከሥራ ስትሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያዋ፣ ያላረፈችው የዓመት ፈቃድ የሚለወጥበት ገንዘብ፣ ሁሉም የሚሰላው በዚያች ትንሽ መነሻ ነው። ለጡረታ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡትም ከዚያችው ነው። ያም ሆኖ የተቆረጠው 7 በመቶ ለጡረታ ፈንዱ መግባቱን አሥር ጊዜ ማጣራት አይከፋም።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ከዚያ በላይ ለተሠራ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው 1.75 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። በዚህ ስሌት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ቤት ለአስተናጋጁ ብዙ ዕዳ ይኖርበት ነበር። የሚከፈለው ግን ብዙ ጊዜ የማታ ታክሲ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ደስ ሲለው። በተቃራኒው የተሰበረ ብርጭቆና ሳይከፍል የጠፋ ደንበኛ ሒሳብ ከደመወዝ ለመቀነስ ማንም አይዘነጋም። አዋጁ ከአንድ ወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ፣ እሱም ያለ ሕግ፣ ያለ ደንብ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይደረግ ይከለክላል።

ጥበቃዎች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በባንኩና በሕንፃው በር ላይ የቆመው ሰው አሠሪ ባንኩ አይደለም፤ ኤጀንሲ ነው። ባንኩ ለኤጀንሲው በነፍስ ወከፍ ይከፍላል፤ ኤጀንሲው ድርሻውን አንስቶ የቀረውን ለጥበቃው ይሰጣል። ድርሻው ስንት እንደሆነ ጥበቃው አይነገረውም። ሕጉ የአገር ውስጥ ሥራ አገናኝን የተረጎመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። ደላላው ግን የመጀመሪያ ወር ደመወዝሽን ግማሽ አምጪ ሲል ሐፍረት የለበትም።

እንግዲህ ለሠራተኛው የቀረው መደራደሪያ መልቀቅ ነው። አምባሳደርና አራት ኪሎ ጋዜጣ በሰዓት ተከራይቶ ማስታወቂያ ይገለብጥ የነበረው ሥራ ፈላጊ አሁን ቴሌግራም ቻናል ላይ ነው፤ ፍለጋው ግን ያው ነው፤ አምስት መቶ ብር የሚበልጥ ቤት። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዓመታት የነበረውም እዚሁ ካዛንቺስ ነው። ወደ ዓረብ አገር ሊሄዱ ፓስፖርት ይዘው በሩ ላይ ይሰለፉ የነበሩት እህቶችም በራሳቸው መንገድ ደመወዝ ይደራደሩ ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደግሞ በእግራቸው ወደ ሥራ ይመጡ የነበሩ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ደመወዛቸው ላይ የትራንስፖርት ወጪ ተደረበበት፤ የጨመረላቸው አሠሪ ግን ጥቂት ነው።

መልቀቅም ቢሆን ቀላል አይደለም። አዲሱ ቤት የሥራ ልምድና መልቀቂያ ይጠይቃል። አሮጌው ቤት ልምዱን በሕግ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቀሪ ሒሳቧንም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ለክሱ የዳኝነት አይከፈልም። ጊዜው ግን ይሮጣል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ይታገዳል። ማኅበር ቢኖር እሱ ይከታተልላት ነበር፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ የራስ ማኅበር ለማቋቋም ግን ድርጅቱ ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል፤ የካዛንቺስ ካፌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ነው።

ዋሱም አለ። አዲሱ ቤት ሌላ ዋስ ይላታል። የፈረመላት አጎቷ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ደብዳቤ የሚጽፈው የመጀመሪያው ሲመለስ ነው። የመጀመሪያው ያለው አሮጌው ቤት፣ የባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም «ሒሳብ እስኪጣራ ጠብቂ» ብሏታል።