ኤድዋርድ ወይስ ጄኮብ?

አንዲት ልጃገረድ ከሁለት ወጣቶች ማንን ትምረጥ የሚለው ጥያቄ በዚህ ዘመን ካስነሣቸው ክርክሮች ሁሉ እንደ ትዋይላይት አንባቢን በጎራ የከፈለ የለም። ትዋይላይት አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ማየር የጻፈቻቸው የአራት ልብ ወለዶች መጠሪያ ነው። ቤላ ስዋን የተባለች የ17 ዓመት ልጅ ፀሐይ ከማይጠፋባት አሪዞና ተነሥታ አባቷ ወደሚኖርባት ወደ ፎርክስ ትመጣለች፤ በዋሽንግተን ግዛት ያለች ዝናብ የማያጣት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ሁለት ወጣቶች ይወዷታል። ኤድዋርድ ከለን በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ባዳረሰው፣ በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ በሚባለው ወረርሽኝ ሊሞት ሲያጣጥር ወደ ደም መጣጭነት፣ ማለትም ወደ ቫምፓየርነት፣ የተለወጠና ከዚያ ወዲህ ዕድሜው በ17 ላይ የቆመ ነው። ጄኮብ ብላክ ደግሞ ኩዊልዩት ከሚባለው ነባር የአሜሪካ ሕዝብ የተወለደ፣ ቫምፓየር ባካባቢው ሲኖር ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ጎረምሳ ነው።

መጻሕፍቱ ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አምስት ፊልሞች ተሠርተው ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ። ኤድዋርድን ሮበርት ፓቲንሰን፣ ጄኮብን ቴይለር ላውትነር፣ ቤላን ክሪስተን ስቱዋርት ሆነው ሲቀርቡ፣ በመጽሐፍ የተጀመረው ክርክር መልክ አገኘ። «ቲም ኤድዋርድ» እና «ቲም ጄኮብ» የሚሉ ቲሸርቶች ተሸጡ። የሁለቱ ደጋፊዎች በሲኒማ ደጅ ሲሰለፉ ነገሩ ከእግር ኳስ ብዙም አይለይም ነበር።

የሚገርመው ጄኮብ ከመነሻው ተፎካካሪ እንዲሆን የታሰበ አለመሆኑ ነው። ማየር የታሪኩን ፍሬ ያገኘችው በሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. ባየችው ሕልም እንደሆነ ተናግራለች፤ በሕልሟ የነበሩት አንዲት ልጅና አንድ ቫምፓየር ብቻ ናቸው። ጄኮብ በመጀመሪያው መጽሐፍ የገባው ቤላ የኤድዋርድን ምስጢር ከአካባቢው አፈ ታሪክ እንድትሰማ መንገድ ለመክፈት ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ ግን ኤድዋርድ ለደኅንነቷ ሲል ትቷት ይሄዳል፤ አንባቢም ከቤላ ጋር በመቶ የሚቆጠር ገጽ ከጄኮብ ጋር ሞተር ብስክሌት እየጠገነ፣ እየሳቀና ከሐዘን እያገገመ ይቆያል። ኤድዋርድ ሲመለስ የአንባቢው ልብ እንደ ቀድሞው የእሱ ብቻ አይደለም። አንድ ደራሲ ሁለት ጎራ መፍጠር ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘቱ ያጠራጥራል፦ አንደኛውን ወዳጅ አስቀድሞ ማስወደድ፣ ከዚያ ማራቅ፣ በተወው ቦታ ሁለተኛውን ማኖር፣ ቀጣዩን መጽሐፍ ደግሞ አንድ ዓመት ማስጠበቅ።

የኤድዋርድ ወገኖች የሚያነሡት ቀዳሚ ነጥብ ራስን መግዛት ነው። የቤላ ደም ጠረን ከማንም ሰው ደም ይልቅ ያሰክረዋል፤ ሆኖም አይነካትም። ሙዚቃ ያውቃል፣ የቆየ ሥነ ምግባር አለው፣ ከጋብቻ በፊት አልጋ አይሆንም የሚለውም እሱ ነው። ማየር የሞርሞን እምነት ተከታይ መሆኗ እዚህ ላይ ይታያል። አንዲት የጎጃም አያት ብትጠየቅ በዚህ ነጥብ ድምጿን ለኤድዋርድ ሳትሰጥ አትቀርም፤ ግን ምግብ የማይቀምስ ሙሽራ ጉርሻ እንዴት ይቀበላል ብላ መጠየቋም አይቀርም። የጄኮብ ወገኖች መልስ ቀላልና ጠንካራ ነው። ጄኮብ ሰውነቱ የሞቀ፣ የሚስቅ፣ ከቤላ ጋር የሚያረጅ፣ ከአባቷና ከወዳጆቿ የማይለያት ነው። ኤድዋርድን የመረጠች እንደሆነ ግን ውሎ አድሮ ሰው መሆኗን መተው ይኖርባታል።

ክርክሩ የከረረው ደግሞ ሁለቱም ወጣቶች ነቀፋ የማያጡ በመሆናቸው ነው። ኤድዋርድ ሳታውቅ ሌሊት ክፍሏ ገብቶ ስትተኛ ያያታል። በሦስተኛው መጽሐፍ ወደ ጄኮብ እንዳትሄድ የመኪናዋን ሞተር ይፈታባታል። ጄኮብም በዚያው መጽሐፍ ሳትፈቅድ ይስማታል፤ ቤላ በቡጢ ስትመታው እጇ ይሰበራል። በኋላም በውጊያ ሞቶ እንደሚቀር እያስፈራራ መሳም ያስለምናታል። ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩ አንባቢዎች ይህን የፍቅር ብርታት አድርገው ወሰዱት፤ ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ ተመልሰው ሲያነቡት ቁጥጥርና ማስገደድ መሆኑን አይተዋል። ለዛሬ አንባቢ ከ«ማን ይሻላል» ይልቅ ይህኛው ጥያቄ ይከብዳል።

ትዋይላይትን ከተራ የፍቅር ታሪክ የሚለየው ግን ምትሃቱ ነው። በተራ ልብ ወለድ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ምርጫ ስሕተት ቢሆን ይታረማል፤ ሰው ይጣላል፣ ይፋታል፣ ሌላ ያገባል። በትዋይላይት ኤድዋርድን መምረጥ ማለት አለማርጀት፣ እናትንና አባትን መተው፣ ዳግም ሰው አለመሆን ነው። ተኩላዎቹም የራሳቸው ግዴታ አለባቸው፦ አንድ ቀን አንዲት ሴት አይተው ያለ ውዴታቸው ለዕድሜ ልክ ይታሰሩላታል። ስለዚህ ተከራካሪዎቹ የሁለት ወንዶችን መልክና ጠባይ የሚያወዳድሩ ቢመስሉም በእርግጥ የሚሟገቱት ለፍቅር ምን ያህል መክፈል እንደሚገባ ነው። ለዘላለም ፍቅር ሁሉን መጣል የሚገባ የመሰለው ወደ ኤድዋርድ፣ ሰው ከነማንነቱና ከነዘመዶቹ መወደድ አለበት ያለው ወደ ጄኮብ ሄደ። ቤላ ራሷ በአንድ ወቅት ገለልተኛዋ ስዊዘርላንድ ነኝ ማለቷ ሦስተኛ ጎራ ፈጥሮ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አልተከተለውም።

በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. አራተኛው መጽሐፍ ወጥቶ በአሜሪካ በአንድ ቀን 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ ፍርዱ ተሰጠ። ቤላ ኤድዋርድን አግብታ ቫምፓየር ሆነች። ጄኮብ በዚያ የማይቀር እስር የታሰረው ገና ለተወለደችው ለሁለቱ ሕፃን ልጅ ነበር። ይህ መፍትሔ የጄኮብን ደጋፊዎች ቀርቶ ብዙ የኤድዋርድ ወገኖችን እንኳ አላስደሰተም። የተሸነፈ ወጣት ሐዘኑን ይዞ ቢሄድ ለታሪኩ ይበልጥ ታማኝ በሆነ ነበር፤ ማየር ግን ማንም ባዶ እጁን እንዳይቀር ፈለገች። በ2020 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በኤድዋርድ ዓይን የሚተርከው መጽሐፍ ሲታተም ክርክሩ ቀድሞ በማያውቁት ልጆች አንደበት ተመልሶ ተነሣ።

አንባቢ ከደራሲ ጋር በዚህ ጉዳይ መጣላቱ አዲስ አይደለም። ሉዊዛ ሜይ አልኮት «ትንንሽ ሴቶች» የሚለውን ልብ ወለዷን የመጀመሪያ ክፍል በ1868 እ.ኤ.አ. ስታሳትም አንባቢ ልጃገረዶች ጆ የጎረቤቷን ልጅ ሎሪን እንድታገባ በደብዳቤ ወተወቷት። አልኮት እምቢ አለችና በሁለተኛው ክፍል ጆን በዕድሜ ለገፉ ጀርመናዊ መምህር ዳረቻት፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ አልበረደም። በ«ቫምፓየር ዳየሪስ» ደግሞ ጠቡ ከዚህም ርቆ ሄደ። በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመሩት መጻሕፍት ደራሲ ኤል. ጄ. ስሚዝ፣ ኤሌና የተባለችውን ልጅ የሚወዱ ስቴፋንና ዴመን የሚባሉ ሁለት ቫምፓየር ወንድማማቾችን ፈጠረች። የመጻሕፍቱ ባለመብት ግን ያጻፋት ኩባንያ ስለነበር በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራው ተነጥቆ ለሌሎች ጸሐፊዎች ተሰጠ። ስሚዝ በኋላ እንደ ማንኛዋም አድናቂ ቀጣዩን ታሪክ በራሷ መንገድ ጽፋ በአማዞን በኩል አወጣች። ከ2009 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የታየው የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ስቴፋንን ገድሎ ኤሌናን ለዴመን ሰጠ። ገጸ ባሕርያቱ የማን ናቸው ለሚለው ጥያቄ ደራሲዋ፣ ባለመብቱ፣ የድራማው አዘጋጆችና ተመልካቹ አራት የተለያየ መልስ ነበራቸው።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጎራ እምብዛም ያልታየበት ምክንያት በጎጃም ምድር ከተተረከው ከታላቁ ልብ ወለድ ሊጤን ይችላል። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ አገር በሙሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን የታሪኩ ልጃገረድ ሰብለ ወንጌል ልቧ የተከፈለባት ልጅ አይደለችም። የምትወደው የበዛብህ ተቀናቃኝ ሌላ ወጣት ሳይሆን የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራትና የዘር ቆጠራው ነው። ስለዚህ አድማጩ ሁሉ አንድ ወገን ሆነ፤ ለፊታውራሪ መሸሻ ቲሸርት የሚያሠራ አይገኝም። ክርክር የሚነሣው ሁለቱም ወዳጆች ለመወደድ የሚበቁ ሲሆኑ ነው። ለዚህ ደራሲው በዓሉ ግርማ ይቀርባል፦ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ በተሰበሰበው «ኦሮማይ» ጋዜጠኛው ጸጋዬ አዲስ አበባ ባለች እጮኛው በሮማንና አሥመራ ባገኛት በፊያሜታ መካከል ተይዟል። ምርጫው እዚያ የወንድ ስለሆነ ነገሩ ተገላብጦ ቢቀርብም፣ ሁለቱም ሴቶች አንባቢ የሚቆምላቸው ናቸው።

በኢትዮጵያ ጎራ የተለየበት ወሬ ከየቤቱ የገባው ግን በቴሌቪዥን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንደ «ጥቁር ፍቅር» ያሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተላበሱ። የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ገበያችንን ይሻማል፣ ባህል ይበርዛል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ተመልካቹ በበኩሉ ድራማው ማታ ከተቋረጠበት ቦታ ተነሥቶ በማግሥቱ በቡናው ዙሪያ ማን ለማን እንደሚገባ ይፈርዳል። የቱርክ ድራማ አንዲትን ሴት በሁለት ወንዶች መካከል ማቆም ይወዳል፤ ትዋይላይትን ዓመት በዓመት ያቆየው መጠበቅም እዚህ ሌሊት በሌሊት ይሠራል።

ምትሃቱን በተመለከተ በጎጃም ያለው የአዊ ልጅ ከፎርክስ ነዋሪ ያነሰ ስንቅ የለውም። በግምጃ ቤትም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ያልሰማ የለም። እምነቱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ጉትቻ ማየቱን ጽፏል። እንግዲህ ተኩላ የሚሆን ጎረምሳ ለአሜሪካ ልጃገረድ አፍቃሪ ሲሆን፣ ጅብ የሚሆነው ሰው በጎጃም ወሬ ውስጥ ለምን አፍቃሪ አልሆነም? ቡዳ የሚባለውም ቢሆን መልከ መልካሙን አይቶ ይመኛል ተብሎ ይፈራል፤ ምኞቱ ግን ቅናትና መብላት ተብሎ እንጂ ፍቅር ተብሎ አይተረክም። ምክንያቱ ጭራቁ ስም ያለው ጎረቤት መሆኑ ነው። ወሬው የሚለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው ላይ ነው። ማረሻ የሚሠራው ሰው ለጋብቻና ለማዕድ እንዳይቀርብ ያደረገው ይህ ወሬ ስለሆነ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ንግግርን ከለከለ እንጂ እምነቱን አልነቀለም።

ተመሳሳይ ነገር በትዋይላይት ላይም ደርሷል። ኩዊልዩቶች በፎርክስ አጠገብ ላ ፑሽ በሚባል የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ እውነተኛ ሕዝብ ናቸው። ከተኩላ ተለውጦ ሰው ስለመሆን የሚናገር የራሳቸው የአመጣጥ ትረካ አላቸው፤ ስለ ቫምፓየር ግን ምንም አይልም። ማየር የቀረውን ፈጥራ ጨመረችበት። ከመጻሕፍቱና ከፊልሞቹ የመጣው ሀብት ለእነሱ አልደረሰም። ፎርክስ በየመስከረሙ የትዋይላይት በዓል እያከበረች ጎብኚ ስትቀበል፣ ላ ፑሽ ከሱናሚ ለመዳን ሠፈሯን ወደ ከፍታ ለማዛወር መሬት ስትጠይቅ ቆይታ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አገኘች። ጄኮብ የተሸነፈበትን ምክንያት ከዘርና ከቆዳ ቀለም ጋር አያይዘው የሚያነሡ ተቺዎች መነሻቸው ይህ ነው፤ ነጩ ቫምፓየር ሀብታም፣ የተማረና የማይሞት፣ ነባሩ ወጣት ግን ድኻና ቁጡ ሆኖ ተስሏል።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ታሪክ መጻፍ የሚሻ ሰው ከጅቡ ይልቅ ዛር ይቀርበዋል። በሕዝብ ዘንድ ዛሮች ሔዋን ከሠላሳ ልጆቿ መካከል የደበቀቻቸው የአሥራ አምስቱ ዘሮች ናቸው ይባላል፤ ከሰው እኩል የተወለዱ፣ ነገር ግን የማይታዩ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ወራት ተቀምጦ ሲያጠናቸው እያንዳንዱ ስም፣ ማዕረግ፣ የሚወደው ቀለምና ሽቶ እንዳለው መዝግቧል። ዛር መልኳን ወዶ የያዛት ሴት ባሏ ያለ ዛሩ ፈቃድ እንደ ልቡ አይሆንም፤ ቡናው፣ ጭሱና የታዘዘው ዶሮ በሰዓቱ መቅረብ አለበት። ባልየው ባለጋራውን ሊያየው አይችልም፣ ሊደባደበው አይችልም፣ ግን ዶሮውን የሚገዛለት እሱ ነው።