ለጁባ ቲማቲም ጥላ ይሻለዋል

በባህል ማዕከሉ ስሙ በሚነሳው የጁባ ሠፈር፣ በንያኩሮን፣ ለወጥ የሚከተፈው ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ከኡጋንዳ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ከድንበር ከተማዋ ኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሶ ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲነሳና ይኸው መንገድ ሲታወክ ግን የገበያው ዋጋ አብሮ ናረ። ስለዚህ አትክልቱን እዚያው ግቢ ውስጥ ማምረት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን የሚያበላሹት የቆዩ እምነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው እምነት ለዚህ የተዘጋ የላስቲክ ቤት ያስፈልጋል የሚለው ነው። ግሪን ሃውስ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሚታየው የዝዋይና የሆለታ አበባ እርሻ፣ ያ ነጭ ላስቲክ ነው። ሆለታ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ላስቲኩም የቀኑን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ጁባ ግን ከባሕር ወለል ከ600 ሜትር በታች ያለች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 38 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ላይ የተዘጋ ላስቲክ መጨመር ችግኙን መቀቀል ነው። ቲማቲም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሞቀው የአበባው ብናኝ ይደክማል። ቢጫዋ አበባ ትፈካለች፤ ከቀናት በኋላ ቀጭኑ አንገቷ መጋጠሚያው ላይ ይገረጣል፤ ጣት ሲነካት ትረግፋለች። ባለቤቱ ማዳበሪያ አነሰው ብሎ ይጨምራል፤ ተክሉም ቅጠል ብቻ ያበዛል።

መፍትሔው የቤቱን ልብስ መቀየር ነው። ከላይ ከፀሐይ ብርሃን ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚከልል የጥላ መረብ፣ ከጎን ንፋስ የሚያሳልፍ የነፍሳት መከላከያ መረብ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ዝናብ ሲገባ ላስቲኩ ጣሪያ ላይ ብቻ ይደረባል፤ የቲማቲም ቅጠል ሲረጥብ በሽታው ይዛመታልና።

መረብ ካለ ተባይ የለም የሚለውም ትክክል አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው የቲማቲም ብል፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ክፍት በር ወይም ቅዳጅ ካገኘች ትገባለች። ሁለት በር ተከታትሎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የጁባ አፈር አትክልት አያበቅልም የሚለው ደግሞ ከሁሉ የራቀ ነው። በነጭ ዓባይ ዳር ኩድራ፣ ሪግላና ጂርጂር የሚባሉት ቅጠላ ቅጠሎች፣ እንዲሁም ባሚያ ይመረታሉ። ኩድራና ባሚያ ሙቀት ለምደዋል፤ የመረብ ቤት አያሻቸውም። ገንዘቡ ውስን የሆነ ግቢ መረቡን ለችግኝ መደቡና ለቲማቲሙ ቢያውለው ይሻላል። ማሽላን የመሰለ እህል ግን የሰፊ ማሳ ሥራ ነው፤ ከተማን በእህል የሚያጠግብ መረብ ቤት የለም።

መረቡ ንብንም ያግዳል። ቲማቲም ወንዴና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ሦስት፣ አራት ሰዓት ላይ የታሰረበትን ክር በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃዋል። ዱባና ሐብሐብ ግን ያለ ንብ ፍሬ ስለማይዙ ከመረቡ ውጪ፣ አጥር ሥር ይተከላሉ።